ሙቀጫው ለዝማም፣ ዘነዘናው ለአበቡ

ሰው በነጻ ዕቃ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ዕቃውን አይደለም፤ የሰጪውን ፊት ነው። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ሥራዬ እንዲህ አድርጎ አሳድጎኝ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት አንድ ሰው የነገረኝን ይዤ እውነት መሆኑን ሌላ ሰው በመጠየቅ ነው። ሚስቴ "ደህና አደርክ?" ስትለኝ እንኳ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቀኝ ነው ብዬ የማስብበት ጠዋት አለ።

ስለዚህ እናቴ ሰቆጣ ላይ የቤት ዕቃዋን ለሰው ማደል ጀመረች የሚል ወሬ ሲደርሰኝ ደስ አላለኝም። እናንተን ደስ ይላችሁ ነበር? "በእርጅና ቤትን ማቅለል ጥሩ ነው፣ አቧራው ይቀንሳል" ትሉኝ ይሆናል። የሌላ ሰው እናት ብትሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ስለ ዕቃ መስጠት አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታቸው ሲቃረብ ልባቸው ለስለስ አለና ጃንጥላቸውን ለጥበቃው፣ ካፖርታቸውን ለተላላኪው፣ የወንበራቸውን ትራስ ለታይፒስቷ ሰጡ። ሁላችንም እንባ እንባ አለን። ብዙም ሳይቆይ አገልግሎታቸው ተራዘመ። ጊዜው ነሐሴ ነው። ሰውየው ዝናቡ እስኪያባራ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ጥበቃው ደግሞ የእሳቸውን ጃንጥላ ዘርግቶ ከጎናቸው ይቆማል። ታይፒስቷም እሳቸው ባለፉ ቁጥር ትራሱ ላይ ይበልጥ ትደላደላለች። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን የሚሰጥ ሰው ሳይ "ይህ ሰው የት ሊሄድ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ።

እናቴስ የት ልትሄድ ነው?

ወሬውን የነገረኝ ልብስ ሰፊው ካሱ ነው። ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። ያን ጊዜ ሞባይል ሰቆጣ ላይ ገና እግሩን እየተከለ ነበር። አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ካሱ የደወለልኝ ጉብታው ላይ ወጥቶ ነው። ነፋሱ ይሰማኛል።

"እናትህ ቤቱን እየበተኑት ነው" አለኝ።

"እንዴት አድርገው?"

"ለዚህም ለዚያም ነዋ። ትናንት መሶቡ ወጣ። ዛሬ ፔርሙሱ ወጣ። ነገ ምን እንደሚወጣ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።"

"ላንተስ ምን ደረሰህ?"

የሚሰማኝ ነፋሱ ብቻ ነው። ቆይቶ "ለእኔማ ምንም" አለ።

ይህን በልባችሁ ያዙልኝ። ወሬ የሚያመጣ ሰው ምን አግኝቶ እንደተናገረ ይጠየቃል፤ ምን ቀርቶበት እንደተናገረም ይጠየቃል። ካሱ ምንም ስላልደረሰው ተናገረ። የመጀመሪያ ግምቴ ይህ ነበር።

እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች። ሰፈርተኛው "እማማ ጥሩ" ይላታል፤ እኔና ወንድሜ "እናና" እንላታለን። በኽምጣና የምትነጫነጭ፣ በአማርኛ የምታዝዝ የዋግ ሴት ናት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ትኖራለች። ሞትን አትፈራም። የምትፈራው የተዝካሯን ነገር ነው። "ስሞት እቀበራለሁ፤ ለቀብር መሬት አይጠፋም። ተዝካሬን ግን ማን ያወጣልኛል?" ትለኝ ነበር በየስልኩ። ሁለት ወንድ ልጆች ያሏት ሴት ይህን ለምን ትላለች? ሁለቱ ወንድማማቾች ስለማይነጋገሩ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሞላ ወልድያ ላይ ወፍጮ ቤት አለው። ከአባታችን አርባ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ያኳረፈን በርኖስ ነው። አባታችን ለበዓል ብቻ የሚያወጣው ጥቁር የሱፍ በርኖስ ነበረው። እሱን ደርቦ ሲወጣ የሰፈሩ ውሻ እንኳ ሳይጮህበት መንገድ ይለቅለታል። በአርባው ዕለት የእናና ሳጥን ሲከፈት በርኖሱ የለም። እኔ ሞላን አየሁት። ሞላ እኔን አየኝ። በቃ፣ ያ ነው ጥሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ በርኖስ ይኳረፋሉ ወይ ካላችሁ፣ በርኖሱን ስላላያችሁት ነው።

ፈቃድ ወስጄ ወደ ሰቆጣ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ ወልድያ ላይ ለምሳ ሲቆም አልወረድኩም። የሞላ ወፍጮ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ሲፈጭ ይሰማል። እንጀራዬን መስኮቱን ዘግቼ በላሁ።

እናና ቤት ስገባ ዙሪያውን አየሁ። በልጅነቴ ግድግዳው በዕቃ ብዛት የማይታይበት ቤት ነበር። አሁን አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ሁለት ሦስት የሸክላ ዕቃና ሳጥኗ ብቻ ቀርተዋል። ሳል ያዘኝና ሳልኩ፤ ቤቱ መልሶ ሳለብኝ።

"ዕቃው የት ሄደ?" አልኳት።

"ሰው ቤት።"

"ለምን?"

"ከበደኝ።"

"ምኑ ነው የከበደሽ? አትሸከሚው።"

"አቧራውን ማራገፉ" አለችና በኽምጣና የሆነ ነገር ጨመረች። ምርመራው እንዳበቃ ገባኝ።

ሰፈሩ የየራሱን ግምት ይዞ ነበር። አንዱ "ቆብ ሊጭኑ ነው፤ ገዳም ሊገቡ ነው" ይላል። ሌላዋ "የለም፣ የእርዳታ ምዝገባ እየመጣ ነው፤ መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ቤቱ ባዶ እንዲታይ ነው" ትላለች። እናና በሕልሟ የታያት ነገር አለ ያለም አልጠፋ። እኔ ግን አንድ ሰው ጠርጥሬ ነበር። የንስሐ አባቷን።

አትፍረዱብኝ። አሮጊቷ ብቻዋን ናት። ነፍሷን የምትነግራቸው እሳቸው ናቸው። ፔርሙሱም የሄደው ለእሳቸው እንደሆነ ካሱ ነግሮኛል። እንግዲህ ደምሩት። ደመርኩና አባ ኅሩይ ቤት ሄድኩ።

መስቀል አሳለሙኝና "ስለ ፔርሙሱ ነው የመጣኸው" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ አባ?"

"ሊሳለም የመጣ ሰው ዓይኑ እንዲህ ቤቱን አይፈትሽም። ያውልህ፣ መስኮቱ ላይ ነው። ተመልከተው።"

ተነሥቼ አየሁት። ፔርሙሱ መክደኛ የለውም። አፉ በመሐረብ ተወትፏል።

"መክደኛው የት ደረሰ?"

"መሪጌታ ዘንድ ነው።"

"የትኛው መሪጌታ?"

"የማላነጋግረው" አሉ አባ ኅሩይ። "እሱ መክደኛ ይዞ ተቀምጧል፣ እኔ ፔርሙስ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሻዩ ደግሞ መሐረብ መሐረብ ይለኛል። እናትህን ብትጠይቅልኝ መልካም ነበር። እኔ ስጠይቃቸው 'አባ፣ ቀሪውን ከመሪጌታ ይጠይቁ' አሉኝ።"

ሁለቱ የአንድ ደብር አገልጋዮች ናቸው። አንድ ማኅሌት ላይ ማን ቀድሞ ያነሣል በሚል ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ሰላምታቸው እንኳ በዲያቆን በኩል ነው።

ከዚያ ቤት ስወጣ ግምቴ ፈርሶ ነበር። እናትን የሚያራቁት ቄስ ቢያንስ መክደኛውን አይተውም። በየቤቱ ዞርኩ። መሶቡ አንድ ቤት፣ ክዳኑ ሌላ ቤት ነው። ወፍጮው ከላይ ሰፈር፣ መጁ ከታች ሰፈር። ሙቀጫው ለዝማም ደርሷል፤ ዘነዘናው ለአበቡ። ዝማምና አበቡ የእናቴ ግራና ቀኝ ጎረቤቶች ናቸው። የአንዷ ዶሮ በሌላዋ አጥር ገብታ ጎመን ከበላች ወዲህ አይነጋገሩም። ዶሮዋ ከታረደች ቆይቷል፤ ኩርፊያው ግን እንዳለ ነው።

ሙቀጫ ያለ ዘነዘና ምን ይሠራል? ዘነዘናስ ያለ ሙቀጫ ዱላ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው? አእምሮው በደህና ያለ ሰው እንዲህ ያድላል? እንግዲህ ሌላ ምን ቀረ? እናና መሳት ጀምራለች ብዬ ደመደምኩ። ለማረጋገጥ የጎረቤት ልጅ የተዳረችበትን ጊዜ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። እኔ በዚያ ሠርግ ላይ የማን ሹራብ ተውሼ ለብሼ እንደነበርም ጨመረችልኝ። ረስቼው ነበር።

መሳት ባይሆንም ስሕተት ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ይታረማል። አበቡ ቤት ሄጄ ዘነዘናውን እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት።

"የሰጡኝ እማማ ጥሩ ናቸው" አለችኝ። "ዘነዘና የሚያስፈልገው ሰው ካለ ሙቀጫውን ተሸክሞ ይምጣ።"

እንግዲያውስ ብዬ ገበያ ወጣሁ። ከፃግብጂ ከመጣ እንጨት ጠራቢ አዲስ ዘነዘና ገዝቼ ለዝማም ወሰድኩላት። እሷም ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ይህን ምን ላድርገው?"

"ውቀጪበት። ከእንግዲህ ማንንም አትለምኝም።"

"እማማ ጥሩ ያውቃሉ?"

"እሳቸው ምን አገባቸው? ሙቀጫው ያንቺ አይደለም?"

"ይሁን" አለች፤ ግን ፊቷ ላይ የሆነ ሳቅ ነበር። ያን ሳቅ መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከእናና ቤት ጓሮ የሚወቀጥ ነገር ሰማሁ። ወጥቼ አየሁ። ዝማም ሙቀጫውን ይዛ ተቀምጣለች። አበቡ ዘነዘናውን ይዛ ቆማለች። እናና በመካከላቸው በርጩማዋ ላይ ናት። የሚወቀጠው በርበሬ ነው።

"እማማ ጥሩ፣ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው፤ ቀስ ትበል ይበሉልኝ" አለች ዝማም።

"ሰምታለች" አለች እናና።

"እማማ ጥሩ፣ ሙቀጫውን አጥብቃ ትያዝ ይበሉልኝ፤ እየዞረብኝ ነው" አለች አበቡ።

"ሰምታለች።"

"ዶሮዋ የሰው አጥር ስትገባ ያላየ ዓይን በርበሬ ሲገባበት አየ ወይ ይበሉልኝ።"

"እሱን አልልም" አለች እናና። "እሱን ራስሽ ንገሪያት።"

አበቡ ዘነዘናዋን አቁማ ራሷ ነገረቻት። ዝማምም ራሷ መለሰችላት። ጎመኑ ተነሣ፣ ዶሮዋ ተነሣች፣ የዶሮዋ ጫጩቶች ሳይቀሩ ተነሡ። ብዙ ነገር ተባባሉ። ግን ፊት ለፊት ነው የተባባሉት፤ በርበሬውም እየተወቀጠ ነበር።

እኔ የገዛሁት ዘነዘናስ? ከጎናቸው ምድጃው ውስጥ ነበር። ሽሮ እያፈላ ነው።

"ደህና እንጨት ነው" አለችኝ እናና። "ጭስ የለውም።"

ሴቶቹ ሲሄዱ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገሩን እንድትነግረኝ ለመንኳት። ይርገዱ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። እሷ ስትሞት ልጆቿ ከያሉበት መጡ። ሙሉ ቤት ዕቃ አገኙ፤ አርባዋ ሳይደርስ በአንድ የጭነት መኪና ጭነው ሸጡት። የተዝካሯ ዕለት ጠላ የሚጠመቅበት ጋን፣ የሚቀርብበት መሶብ ጠፋና ልጆቹ ለስላሳ በሳጥን አስመጡ። ሰው ቆሞ ጠጣና ሄደ።

"ለነፍሷ የተቀመጠ ሰው የለም" አለች እናና። "ጠርሙስ መልሱ ተባልን። እኔ ለይርገዱ ነፍስ ጸሎት ላደርስ ሄጄ ጠርሙስ መልሼ መጣሁ።"

"አንቺ ግን ዕቃውን ለምን ግማሽ ግማሹን?"

"ሙሉ ዕቃ ሰው ይሸጠዋል። ግማሽ ሙቀጫ ማን ይገዛል?" አለች። "በዚያ ላይ ተዝካሬ ዕለት በርበሬ ለመውቀጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከአሁኑ ይልመዱት።"

"ለካሱስ ምነው ሳትሰጪው?"

"ካሱ ምን ጎደለው?" አለችና ተነሥታ ሽሮዋን አማሰለች።

መልካም፣ ነገሩ ገባኝ፣ ጉዳዩ ተዘጋ ብዬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ስነሣ እናና ከአንገቷ ማተብ ጋር ያሰረችውን ቁልፍ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠች። "የሳጥኔ ቁልፍ ነው። ያንተ ድርሻ" አለችኝ።

ሳጥኑ ያን ጊዜ አልጋዋ እግር ሥር ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በሳምንቱ ስደውልላት "ሳጥኑን ለሞላ በአውቶቡስ ጫንኩለት" አለችኝና ስልኩ ተቋረጠ። መስመሩ ነው ወይስ እሷ? እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

ምን ላድርግ? ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሥራ እጀምራለሁ፤ ቁልፉ ያየኛል። በርኖሱ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ነው የጠፋው። ምናልባት ከመጀመሪያውም አልጠፋ ይሆናል። ምናልባት ሞላ አሁን ሰብሮ እያወጣው ይሆናል። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የወልድያ ነው።

"ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው አሉ" አለኝ ሞላ። ሰላምታ የለም።

"ሳጥኑም አንተ ዘንድ ነው አሉ።"

"ነው።"

"ምን አለበት?"

"ቁልፍ ሳይኖረኝ ምን ዐውቃለሁ?"

"ነቅንቀው እስኪ።"

"ነቅንቄዋለሁ።"

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም።"

ልብስ ሲነቀነቅ ምንም አይልም። እሱም ይህን ያውቃል፣ እኔም ዐውቃለሁ።

"ቁልፉን በአውቶቡስ ላክልኝ" አለ።

"አንተ ሳጥኑን ላክልኝ።"

ማናችንም እንደማንልክ ዐወቅን። እኔ ደግሞ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ማመን አልችልም፤ ይህን ጠባዬን የምታውቀው እናቴ ናት። እንደገና ፈቃድ ጠየቅኩ።

በዚህኛው ጉዞ ወልድያ ላይ ወረድኩ። ሞላ ዱቄት ለብሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፀጉሩ የሸበተው በዱቄት ይሁን በዕድሜ አልለየሁም። ወንበር ሳይሰጠኝ ወደ ሳጥኑ ወሰደኝ። ቁልፉን አስገባሁ፣ አዞርኩ፣ ክዳኑን አነሣን።

ባዶ ነው።

ታቹ ላይ አንዲት ጥቁር የሱፍ ክር ነበረች። እሱ ክሯን አየ። እኔም አየኋት። ከዚያ ተያየን፤ ልክ እንደ አርባው ዕለት።

"ወልድያ ውስጥ ቁልፍ ሠሪ ስንት አለ?" አልኩት።

"ቁልፉን ይዘህ ከሰቆጣ ስትወጣ ሳጥኑ የት ነበር?" አለኝ።

ደህና ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። በዚያ ዕለት ሞላ በሕይወቱ ጋዜጠኛ ያልሆነው ዕድል ሳያገኝ ቀርቶ እንደሆነ ገባኝ። አንዳችን ለሌላችን የሚሆን ማስረጃ አልነበረንም፤ ያለችው ምስክር አንዲት ናት። ወፍጮውን አጥፍቶ ልብሱን አራገፈ። በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ወንበር ወደ ሰቆጣ ሄድን። መንገዱ ረጅም ነው። አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ቁልፉን ይጠብቃል።

እናና በር ላይ ቆማ አየችን። አልደነቃትም።

"ሳጥኑ ባዶ ነው" አላት ሞላ።

"ዐውቃለሁ።"

"ባዶ ሳጥን ለምን ይቆለፋል?" አልኳት።

"ባልቆልፈው ትመጡ ነበር?"

አስገባችንና ሁለታችንንም አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችን፤ ከእሷ በርጩማ ሌላ መቀመጫ የለማ፣ አድላዋለች። ሞላ "በርኖሱስ?" አላት፤ ድምፁ ቀጠነ። "እሱን ተዝካሬ ዕለት አንድ ሰው ይነግራችኋል" አለች። "ሁለታችሁም ካላችሁ ነው። አንዳችሁ ከጎደላችሁ አይናገርም።"

"ካሱ ነው?" አልኳት። ነገሩ ድንገት ነው የመጣልኝ። በመንደሩ ሁሉ ግማሽ ዕቃ ያልደረሰው እሱ ብቻ ነው።

"ለካሱ ብሰጠው ኖሮ ማን ይደውልልህ ነበር?" አለች። "የደረሰው ሰው ወሬ አያወራም።"

ጥሩ መልስ ነው። እኔን ደግሞ ከመጥፎ መልስ ይልቅ ጥሩ መልስ ያጠራጥረኛል።

ስንወጣ ካሱ በረንዳው ላይ መኪናውን ያዞራል። የሚሰፋው ነገር ጥቁር ነው። እኛን ሲያይ ከጉልበቱ ሥር ሸጎጥ አደረገውና "እንኳን ደህና መጣችሁ" አለን፤ ያለ ልማዱ ሁለት ጊዜ። ሞላ በክርኑ ጎሰመኝ። እኔም ጎሰምኩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ በአንድ ነገር ስንስማማ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ማስረጃ የለኝም፤ ስለዚህ ካሱ ነው አላልኩም፣ እናንተም አልሰማችሁም። ግን ሞላ እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። የቤተሰብ ደህንነት ተጠያይቀን እንጨርሳለን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"ብርድ ገብቷል። ካሱ ምን ለብሶ ነው አሉ?"

ወንድማማች የሚታረቀው ይቅር ሲባባል ነው ይላሉ። ይሆናል። እኛ እስካሁን ይቅር አልተባባልንም፤ አብረን ካሱን እንጠረጥራለን። እናናም ደህና ናት፤ በየበዓሉ ሁለታችንንም ትጠራናለች፤ ሁለታችንም እንሄዳለን። አንዳችን ቀርተን ሌላው ብቻውን በርኖሱን ቢያገኘውስ?